የባሮኑ መርዶ

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በኋላ «እንዲህ አታደርግም ነበር?» እያላችሁ እንዳትደክሙ። ውሻ እፈራለሁ፣ ከፍታ እፈራለሁ፣ ከማላውቀው ቁጥር የሚደወል ስልክ እፈራለሁ። ባለቤቴ ሰናይት «አንተ እኮ ዲቪ የደረሰህ ቀን እንኳ ‹ምን ሊመጣብኝ ነው› ብለህ የደነገጥክ ሰው ነህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን እንደዚያ ቅዳሜና እሁድ በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ያን ፍርሃት ደግሞ ማንም አላመጣብኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጠራሁት።

በ2021 መጀመሪያ፣ ለሽማግሌዎች የኮቪድ ክትባት ገና መሰጠት በጀመረበት የበረዶ ወራት ነው። ከዚያ በፊት ከኮሎምበስ ኤርፖርት ሰው አመላልስ ነበር። ሰው መብረር ሲያቆም የእኔም እንጀራ ቆመ። የሆም ኬር ሥልጠና ወሰድኩና ሽማግሌ መንከባከብ ጀመርኩ።

የደረሱኝ ሽማግሌ ሚስተር ኤድመንድ ይባላሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለች ሉዊስ ሴንተር በምትባል ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ትውልዳቸው እንግሊዝ ሲሆን በወጣትነታቸው ኦሃዮ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድልድይ ሲሠሩ ኖረዋል። ሚስታቸው ሞተዋል። ክሌር የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ክሊቭላንድ አስተማሪ ናት። ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ከርመው ከወጡ ገና አሥር ቀናቸው ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብተን «የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ» ብሎ ወደ እኔ አየ። ለፈሪ ሰው እንዲህ ያለ አደራ አይሰጥም።

ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን ስላጫቸው ታሪክ ያወሩልኛል። ታሪኩ ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቤተሰባቸው ማዕረግ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የመርከብ አዛዥ ቅድመ አያታቸው ለንጉሡ ባገለገለው አገልግሎት «ባሮን ሄስልኮት» ተባለ። በተሰጠው ብራና ላይም «ለእሱና ከአብራኩ ለሚወጡ ወንዶች» ተብሎ ተጻፈ። ባሮን የሆነውን ሰው ሁሉ «ሎርድ ሄስልኮት» ብሎ መጥራት ደንብ ነው። ሁለተኛው ባሮን አራት ሴት ልጆች ነበሩት፤ አንዳቸውም አልወረሱም፤ ማዕረጉ እነሱን ዘሎ ወደ ወንድሙ ሄደ። እንዲህ እየዘለለ ስድስተኛው ላይ ደረሰ። ስድስተኛው የሚስተር ኤድመንድ ታላቅ ወንድም አርተር ናቸው፤ ልጅ የላቸውም።

«በእኛ አገር ደጃዝማች ሲሞት ልጁ ደጃዝማች አይሆንም። ንጉሡ ካልሾመው አቶ ሆኖ ይቀራል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እናንተ ብልሆች ናችሁ» አሉኝ፣ አረፋው አገጫቸው ላይ እንዳለ። «የእኛ ማዕረግ ግን ሰውየው እስትንፋሱ እንደወጣ ያኔውኑ ወደ ተከታዩ ይዘላል። ሹመት የለ፣ በዓል የለ። ሻይህን እየጠጣህ ባሮን ትሆናለህ፣ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ሰው መጥቶ በስሙ ሲጠራህ ነው።»

ከዚያ የአባታቸውን ነገር ነገሩኝ። አባታቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ሲሠሩ ርእሰ መምህሩ ገባ። «ሎርድ ሄስልኮት፣ ተነሥ፣ ከእኔ ጋር ና» አላቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሎርድ ሄስልኮት የሚባለው የልጁ አባት ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ልጁ ግን ያን ስም ሰምቶ አባቱ መሞቱን ዐወቀ። አርተርም ያወቁት እንዲሁ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «አርተር» እያሉ ያሳደጓቸው የቤት ሠራተኛ ደረጃው ሥር ቆመው «ሎርድ ሄስልኮት» ብለው እጅ ነሷቸው። ሚስተር ኤድመንድ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከወንድማቸው ኋላ ቆመዋል።

«ቤቱ ተሸጧል፣ መሬቱም ተሸጧል፣ የቀረው ያ ስም ብቻ ነው። አሜሪካ የመጣሁት እሱን ለመሸሽ ነው፤ እዚህ ሁሉም ሰው ሚስተር ነው። ግርማ፣ እኔ ያን ስም እፈራዋለሁ። ከአርተር በፊት ልሙት እያልኩ እጸልያለሁ» አሉኝ።

ሰው ሲፈራ ስመለከት ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን አለመሆኔን አውቃለሁ። ስለዚህ እኔም የእኛን መርዶ ነገርኳቸው። አባቴ አገር ቤት ሲሞት ሰናይት ሦስት ወር ሙሉ እያወቀች ደበቀችኝ። አንድ እሁድ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ፤ ስከፍት አሥራ ሁለት ሰው ቆሟል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ወደቅሁ፤ መሬት ግን አልነካሁም፤ አሥራ ሁለት ሰው ያዘኝ። ያን ነገር በስልክ ብሰማው ኖሮ አብጄ እቀር ነበር ብዬ ነው የማምነው።

«አሥራ ሁለት ሰው» አሉ ሚስተር ኤድመንድ። «እኛን የሚይዘን ሰው የለም» አሉ።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልግባ። ማታ ማታ የምትተካኝ ልጅ ኮቪድ ይዟት ስለነበር ከዓርብ እስከ ሰኞ እኔው ነበርኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ሚስተር ኤድመንድ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የጋዜጣ እንቆቅልሽ ይሞላሉ። እኔ ኩሽና ውስጥ አነሣሁት።

«ሎርድ ሄስልኮትን ማነጋገር እችላለሁ?» አለኝ አንድ የእንግሊዝ ድምፅ።

«ተሳስተዋል ጌታዬ፤ ሎርድ ሄስልኮት ያሉት እንግሊዝ ነው» አልኩት።

ሰውየው ዝም አለ። ዝምታው ውስጥ ያ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ምድጃውን ያዝኩ። «ይቅርታ፣ ሚስተር ኤድመንድን ማለቴ ነው። የቤተሰቡ ጠበቃ ነኝ» አለ። ሚስተር አርተር የዚያን ዕለት ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈዋል።

«ተኝተዋል። ልባቸውን ታመዋል። እኔ ተንከባካቢያቸው ነኝ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። የእጅ ስልኬን ቁጥር ተቀብሎኝ ዘጋ።

«ማን ነው?» አሉ ሚስተር ኤድመንድ ከሳሎን።

«ኢንሹራንስ የሚሸጡ ናቸው።» ሦስተኛው ውሸት። ከዚያ ሳሎን ያለውን ስልክ ጠረጴዛ የማጸዳ መስዬ ጎንበስ አልኩና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። የኩሽናውንም ነቀልኩ። የሰው ቤት ስልክ መንቀል ወንጀል ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ጋራዥ ገብቼ ሰናይት ጋር ደወልኩ። ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ውስጥ ብሬክ ላይ ነበረች።

«የሚስተር ኤድመንድ ወንድም ሞቱ።»

«ውይ! ነገርካቸው እንዴ?»

«አልነገርኩም።»

«እንዳትነግር! ብቻቸውን፣ በዚህ ልብ? ልጅ አለቻቸው አይደል? ኮል አድርግላትና ትምጣ። ባይሆን እሷ ባለችበት ይነገራቸው።»

«ለእሷስ በስልክ ልንገራት?»

«አብደሃል? በረዶ ሊጥል ነው እያሉ፣ አጎትሽ ሞተ ተብላ ሁለት ሰዓት ልትነዳ? አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል በላት። ስትደርስ ቀስ ብሎ ይነገራታል።»

ይህን የምታነቡ ሁሉ ይህን ምክር ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሰጥታችሁታል፤ ብዙዎቻችሁም «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል» ተብላችሁ ሄዳችሁ ድንኳን ተተክሎ አግኝታችኋል። እኔም ትክክል መሰለኝ። ክሌር ጋር ደወልኩ፤ አላነሣችም። መልእክት ተውኩላት፤ «ክሌር፣ ግርማ ነኝ። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል። ቶሎ ብትመጪ ጥሩ ነው። ምንም አትጨነቂ።» ከዚያ ጠበቃው እንዳይደውልብኝ ፈርቼ የስልኬን ድምፅ አጠፋሁና ኪሴ ከተትኩት።

የዚያን ቀን ውሎ እንዴት ልንገራችሁ? ሚስተር ኤድመንድ ደስ ብሏቸው ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች እሁድ እሁድ ልክ በአራት ሰዓት በስልክ ይገናኛሉ። አርተር ናቸው የሚደውሉት፤ አንድም እሁድ ዘግይተው አያውቁም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እንቆቅልሽ ይሞሉና ማን እንደቀደመ ይፎካከራሉ። «በዚህ ሳምንት አሸንፌዋለሁ። ነገ ሲደውል የሚለውን ትሰማለህ» እያሉ ይስቃሉ። ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ሲበሉ አያቸው ነበር። ሰባተኛው ባሮን እሳቸው ናቸው፣ አያውቁም፤ ወንድማቸው ሞቷል፣ አያውቁም። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ። ባሳሉ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። «ምነው ዛሬ ምሳህን አልበላህም?» አሉኝ። ጾም ነው አልኳቸው። የክሌርን ሳልቆጥር አራተኛው ውሸት፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም።

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ፤ በላዩ ዝናብ ዘነበበትና መንገዱ ሁሉ እንደ መስተዋት ሆነ። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። አሥራ አንድ ጥሪ። ሁሉም የክሌር። የመጨረሻውን መልእክት ከፈትኩ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«ግርማ፣ መልእክትህን አሁን ነው የሰማሁት። የቤቱ ስልክ አይሠራም፣ አንተም አታነሣም። መንገድ ላይ ነኝ። እባክህ፣ እስክደርስ እንዳይሄድ። እጁን ያዝልኝ።»

ከተላከ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ደወልኩላት፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሼ ከፈትኩ፤ ከክሊቭላንድ የሚያመጣው ሰቨንቲ ዋን ሀይዌይ ላይ መኪኖች ተጋጭተው ተደርድረዋል፣ «ከቤት አትውጡ» ይላሉ። አንዲት ግራጫ መኪና ጎኗን ተጨራምታ አየሁ። የክሌርም መኪና ግራጫ ነው። አጠፋሁት።

ቤቴ ደወልኩ። ሰናይት ሥራ ገብታለች፤ ያነሣችው ልጄ ቤዛ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላት።

«ዳድ፣ ዋት ዲድ ዩ ቴል ሀር?»

«አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ነይ፣ አትጨነቂ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ። ሺ ቲንክስ ሂ ኢዝ ዳይንግ። ሊሞት ነው ብላ እኮ ነው የምታስበው።»

«አትጨነቂ ብያታለሁ እኮ!»

«ዛት ሜክስ ኢት ወርስ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ እሱ ነው ያባሰው ማለቷ ነው።

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። በሐዘን እንዳትነዳ ብዬ የደበቅኋት ልጅ ከዚያ በባሰ ሐዘን፣ በዚያ በረዶ ላይ ብቻዋን እየነዳች ነው። ያልሞተ አባቷን ልትሰናበት። አንድ ነገር ብትሆን የገደልኳት እኔ ነኝ። አባቷም ሁለቱን ሞት በአንድ ቀን ይሰማሉ፤ ልባቸው ያን አይችልም። ጋራዡ ውስጥ በባልዲ ላይ ተቀመጥኩና «እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ አድርሺልኝ እንጂ ሁለተኛ አልዋሽም» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። ክሌር በሰላም ብትነዳ እስካሁን መድረስ ነበረባት። እሷ አታነሣም። ፖሊስ ጋር ደውዬ የመኪናዋን ዓይነት ተናገርኩ፤ ብዙ አደጋ ስላለ ገና ስም አልመዘገብንም አሉኝ።

«ግርማ! ክራባቴን እሰርልኝ፣ አርተር ሊደውል ነው» አሉ ሚስተር ኤድመንድ።

ለስልክ ክራባት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ስልኩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ እንቆቅልሹን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም።

አራት ከአምስት። «በሕይወቱ ዘግይቶ አያውቅም» አሉ።

አራት ከአሥር። ፈገግታቸው ጠፋ። ትንፋሻቸው አጠር ማለት ጀመረ፤ እኔም ዐይኔን ከደረታቸው ላይ መንቀል አቃተኝ።

«አንተ ደውልለት።»

«በበረዶው መስመሩ ሳይበላሽ አይቀርም።»

ዞር ብለው አዩኝ፤ ቀጥለው ስልኩን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድልድይ ላይ የላላ ብሎን ሲፈልጉ የኖሩ ዐይኖች ናቸው፤ ገመዱን ከስልኩ ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ ወለሉ ተከተሉት።

«ግርማ፣ ገመዱ መሬት ላይ ነው» አሉ።

ተንበርክኬ ሰካሁት። ገና ሳልነሣ ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም ፈዘን አየነው። ጠበቃው ነው አልኩ በልቤ፤ ወይም ፖሊስ ነው፣ ክሌር ሞታለች። ልቀድማቸው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ቀደሙኝ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልኩ ሁልጊዜ ድምፁን ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው።

«አርተር?» አሉ።

«ዳዲ?» አለ ድምፁ። ከዚያ ለቅሶ ብቻ ሆነ። «ዳዲ፣ አለህ? አለህ?»

«አለሁ እንጂ! ምን ሆነሻል? የት ነሽ?»

ሰንበሪ መውጫ ላይ መኪናዋ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ስልኳ ወንበር ሥር ወድቆ እስኪያወጡላት ቆይታለች። ግንባሯን ተመትታለች፣ ግን ደህና ናት፤ ፖሊሱ ሊያመጣት ነው። እኔ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እግዚአብሔር ይስጠው ያንን ቦይ፤ ከፊት ለፊቷ ካለው የመኪና ክምር ያዳናት እሱ ነው።

ስልኩ ተዘጋ። ሚስተር ኤድመንድ ጭናቸው ላይ ያለውን ጋዜጣ በጥንቃቄ አጠፉት።

«እኔ እየሞትኩ ነው ብለህ ልጄን ጠርተሃታል። እኔ ግን አልሞትኩም። ስልኩን ነቅለሃል። አርተር አልደወለም።» እያንዳንዱን ቃል እየለዩ ተናገሩት። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። «ስሙን እንዳትጠራኝ። ግርማ፣ እባክህ፣ በዚያ ስም እንዳትጠራኝ።»

«አልጠራዎትም» አልኩ። ሄጄ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። የምናገረው ጠፋኝና በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ፤ እኔም አለቀስኩ። ሁለት ጣቴ ሳላውቀው የእጃቸው አንጓ ላይ ነበር፤ ልባቸው ይቆማል ብዬ እየጠበቅሁ። ይዘላል፣ ይዘገያል፣ እንደገና ይዘላል።

«ይመታል?» አሉኝ።

«ይመታል።»

«አዎ። ይመታል።» ደረታቸው ውስጥ የነበረው ለቅሶ ያኔ ወጣ። የሽማግሌ ወንድ ለቅሶ ድምፅ የለውም፤ ትከሻ ብቻ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ «መቼ ነው?» አሉ።

«ትናንት ጠዋት። ወንበራቸው ላይ።»

«ብስኩቱን ስበላ ታውቅ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር።»

«እንዴት ነገሩህ?»

«ጠበቃው ሎርድ ሄስልኮትን አቅርብልኝ አለኝ። እኔም እሳቸው እንግሊዝ ናቸው ስለው ዝም አለ።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ስለዚህ ያን ስም በእኔ ፋንታ የሰማኸው አንተ ነህ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ተቆጡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «መብት አልነበረህም! የሞተው የእኔ ወንድም ነው። እኔ በእንቆቅልሽ ስስቅ አንተ ቆመህ ታየኝ ነበር!» አሉኝ። ልክ ናቸው። አንገቴን ደፋሁ። ማታ ሲተኙ ግን ብርድ ልብሱን ሳለብሳቸው እጄን ያዝ አደረጉና «አንድ ቀን ተጨማሪ ወንድም ነበረኝ» አሉኝ። አመሰገኑኝ ወይስ ወቀሱኝ? አልጠየቅኋቸውም።

ክሌር የደረሰችው ስድስት ሰዓት ላይ በፖሊስ መኪና ነው። ግንባሯ አብጧል። በአባቷ ጉልበት ላይ ራሷን አድርጋ ብዙ ቆየች፤ የአጎቷንም ሞት እዚያው ከእሳቸው አፍ ሰማች። ከዚያ ኩሽና ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ከክሊቭላንድ እስከ ሰንበሪ ድረስ አባቴን እየቀበርኩ ነው የመጣሁት። ታውቃለህ? የሚቀበርበትን ኮት መርጫለሁ። መኪናው ሲንሸራተት እንባዬን እየጠረግሁ ነበር። ለምን እውነቱን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

«ስትነጂ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

አፍጥጣ አየችኝ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር አመለጣት። ትክሰሰኛለች፣ ፈቃዴን ትነጥቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላደረገችም። አባቷ የአሥራ ሁለቱን ሰው ነገር ነግረዋት ኖሮ፣ ወደ ክሊቭላንድ ልትመለስ ስትል በር ላይ ቆመች።

«የእሱ ቀን ሲደርስ እንዳትደውልልኝ። ‹ትንሽ አሞታል› እንዳትለኝ። መጥተህ ንገረኝ። ግን ወዲያው ና። አንድም ቀን እንዳታሳድር» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ውሻ አሁንም እፈራለሁ። ግን የምፈራው ነገር ቦታውን ቀየረ። ድሮ መርዶን እፈራ ነበር፤ አሁን የምፈራው መደበቁን ነው። የአባቴ መርዶ የያዘኝ ሦስት ወር ስለተደበቀ መስሎኝ ኖሬ ነበር። ለካ የያዘኝ የሰዎቹ እጅ ነው። መደበቁ ምንም አልጠቀመኝም፤ ሦስት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው መድኃኒት ስልክ ነው የኖርኩት። እናንተም አስቡት፤ «ትንሽ አሞታል» ብላችሁ የጠራችሁት ሰው መንገዱን እንዴት እንደመጣ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አገር ቤት ላሉት ወንድሞቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ የእናቴ ቀን ሲመጣ፣ አምላክ ያርቀውና፣ እውነቱን ለሰናይት፣ ሰናይት ደግሞ ሰው ይዛ በዚያው ቀን ለእኔ።

ሚስተር ኤድመንድ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ኖሩ። ከእንግሊዝ በዚያ ስም የሚጻፍላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፍቱ ለእንቆቅልሹ መጽሐፍ ዕልባት ያደርጉት ነበር። እሁድ በአራት ሰዓት ክራባታቸውን አስሬላቸው ክሌር ትደውላለች። በ2022፣ ዛፉ ሲያብብ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ አረፉ፤ እንደ ወንድማቸው። ነርሷ መጥታ አረጋገጠች። ክሌር «በስልክ እንዳይነገረኝ» ብላ አስቀድማ በጽሑፍ ስላስቀመጠች ማንም አልደወለላትም። ለጠበቃውም የሚነገረው በኋላ ነው፤ ቢነገረውም የሚጠራው ሰው የለም። ማዕረጉ የሚዘልበት ወንድ ስለሌለ እዚያው ወንበር ላይ አለቀ።

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው ወጉ። እኔ ግን ጎህ እስኪቀድ አልጠበቅሁም። እድራችን ጋር ደወልኩ፤ «የማን ዘመድ ነው?» ሲሉኝ «የእኔ» አልኩ። ሺፍቱን የቀየረ ቀየረ፣ ከሥራ የወጣ ወጣ፤ በሦስት መኪና ሰቨንቲ ዋንን ይዘን ወደ ክሊቭላንድ ነዳን። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር።

በሩን አንኳኳሁ። ክሌር የተማሪ ደብተር በእጇ ይዛ ከፈተች። እኔን አየች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰችውን ሰናይትን አየች፤ ከኋላችን የቆሙትን፣ በሕይወቷ አይታቸው የማታውቃቸውን ሰዎች አየች። ደብተሩ ወደቀ።

«በእኛ ቤት እኮ አሁን በስሙ ይጠሩኝ ነበር። ለእኔ ግን የተተወ ስም የለም» አለች ቀስ ብላ።

«ማዕረግ ነው ወንድ ሴት የሚለው። መርዶ ለልጅ ነው። ልጃቸው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ አየችን፤ እየቆጠረችን ነበር። መጨረሻ ላይ የቆመችው ልጄ ቤዛ ላይ ስትደርስ «አሥራ ሁለት» አለችና በሩን ለቀቀችው። ያዝናት።